ምድጃ ከመግዛታችሁ በፊት ጋጋሪዋን ጠይቁ

ምድጃ የሚገዛው አንድ ሰው ነው፤ ጭሱን የሚውጠው ደግሞ ሌላ። አባወራው ወይም ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ ገንዘብ ይዞ ይወጣል፤ ሻጩ ያሞገሰለትን ባጃጅ ላይ አስጭኖ ይመጣል። ከዚያ እኔ እጠራለሁ። "ጋሼ፣ ይቺን ትከልልን።"

እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ኑሮዬም ሥራዬም ጅማ ነው። ዋናው ሥራዬ መሠረትና አጥር ነው። ምድጃ መትከል የጀመርኩት ደንበኞች "እግረ መንገድህን" እያሉ ሲያሠሩኝ ነው። አሁን ክረምት ላይ ግንባታው ሲቀዘቅዝ ምድጃው ነው የሚደጉመኝ። አንድ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ማናት የምትጋግረው?" የሚል ነው። ሠራተኛዋ ከሆነች እሷ ትጠራልኝ እላለሁ። አንዳንዱ ይገርመዋል። "እሷ ምን ታውቃለች፣ እኔ እነግርህ የለ?" ይለኛል። የምጣዱን ስፋት፣ ፍልጡን በየትኛው እጇ እንደምታስገባ፣ ወጡ የት እንደሚጣድ፣ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ከየት እንደሚመጣ የምታውቀው ግን እሷ ናት።

"የኤሌክትሪክ ምጣድ እያለ የምን እንጨት ነው?" የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ መብራት እስካለ። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ከኛ ከተማ ሩቅ አይደለም። ቢሆንም ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ግሎ፣ ገና ሦስተኛው እንጀራ ላይ መብራት ድርግም ሲል ያየ ሰው የእንጨት ምድጃውን አያፈርስም። አቅም ካለ ሁለቱም ይኑሩ።

የቱን ልግዛ?

ለእንጀራ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፤ ምርጥ የሚባለውን ምድጃ ግዙ። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የወጣ የአገር ውስጥ ሥራ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ፣ ወይም ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በብረት ሞልድ ይመረታል። ስድስት ቁራጭ አለው። አራቱ ተገጣጥመው ክቡን ይሠራሉ። ሁለቱ ከኋላ ይቆሙና ድስት ይሸከማሉ፤ ጭሱም የሚወጣው በእነሱ በኩል ነው። ስለዚህ ከምጣዱ የተረፈው ሙቀት ባዶውን አይሄድም፤ እንጀራው ሲያልቅ ሽሮው ይደርሳል ወይም የእግር ውሃ ይሞቃል።

ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ወጡን እንጃ። ምርጥ ግን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። እዚህ ላይ "እስከ" የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ግማሽ የሚሆነው በደንብ ሲተከል ነው። ክፍተቱ ሳይመረግ አፈር ላይ እንዲሁ የተዘረገፈ ምድጃ ከጉልቻ ብዙም አይሻል።

ምርጥ ወፍራምና ቀጭን አለው። የወፍራሙ ግድግዳ 6 ሳንቲም፣ የቀጭኑ 4 ሳንቲም ገደማ ነው። ሻጮች ወፍራሙን "ጠንካራው" እያሉ ነው የሚሸጡት። ለሁሉም ቤት ግን አይሆንም። ወፍራም ግድግዳ ራሱ እስኪግል ብዙ እሳት ይጠጣል። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ለቤቷ ለምትጋግር ሴት ቀጭኑ ይሻላታል፤ ቶሎ ግሎ ቶሎ ሥራ ያስጀምራታል። ለሆቴል የምታስረክብና ከጠዋት እስከ ቀትር ምጣዱ ፊት የምትቆም ከሆነች ደግሞ ወፍራሙ ያዋጣታል። አንዴ ከጋለ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

ለወጥና ለቡና ትክክል የሚባለው አለ። ከውስጥ ሸክላ፣ ከውጭ ቆርቆሮ ነው። እንጨቱ ከታች በጎን ይገባል፤ እሳቱ ጠባቡን ቀዳዳ ይዞ ቀጥ ብሎ ድስቱን ይመታል። በጭራሮ ብቻ ጀበና ያፈላል። ጎንዝዬ ደግሞ ሸክላ ነው፤ ምጣድም ድስትም ይጣድበታል። እንደ ምርጥ አይከብድም፤ ቢወድቅ ግን ይሰበራል። ተከራይ ሆናችሁ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የምትሉ ከሆነ ጎንዝዬን አስቡበት። ላቀች የከሰል ስለሆነች የዛሬው ወሬዬ ውስጥ የለችም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም።

ዋጋ አልጽፍም፤ ጽፌ ሳልጨርስ ይቀየራል።

ሻጩ ዘንድ

ምጣዱን ተሸክማችሁ አትሂዱ። ሲባጎ ያዙና የምጣዱን አፍ ከዳር እዳር ለክታችሁ ቋጥሩበት። ብዙው ምጣድ ከ58 እስከ 60 ሳንቲም ነው፤ ግን የሸክላ ሥራ በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ሁለት ሦስት ሳንቲም ወዲያ ወዲህ ማለቱ አይቀርም። ቋጠሮውን ምድጃው ላይ ዘርጉት። ምጣዱ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ሁለት ጣት ያህል መቀመጥ አለበት። ጠርዝ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ አንድ ቀን ከነሊጡ እሳቱ ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ቁራጭ አንሱና በጣታችሁ አጥንት አንኳኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጥሩ። የታፈነ ድምፅ ከሆነ ወይ ውስጡ ተሰንጥቋል ወይ ገና አልጠነከረም። ሚስማር ወስዳችሁ ጠርዙን ጫር አድርጉት። አሸዋው እየረገፈ እጃችሁ ላይ ከቀረ ሲሚንቶ ተሰስቶበታል። ከዚያ ሻጩን ጠይቁት፤ "ስንት ቀን ውሃ ጠጣ?" ሲሚንቶ ነክ ነገር ሁሉ ከሞልድ ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት።

"ጋሼ፣ ፀሐይ ላይ ድርቅ ብሏል እኮ!" ይሉኛል።

መድረቅ ሌላ፣ መጠንከር ሌላ። ውሃ ሳይጠጣ ፀሐይ ላይ የዋለ ምድጃ ላዩ ያምራል፣ በክረምቱ ይፈራርሳል።

በመጨረሻ እዚያው ደልዳላ ቦታ ፈልጋችሁ ስድስቱንም አስገጥሙት። አጎንብሳችሁ በአፉ በኩል ወደ ውስጥ እዩ። በመገጣጠሚያው ቀጭን ብርሃን ቢታይ ችግር የለውም፤ ጭቃ ይደፍነዋል። ጣት የሚያስገባ ከሆነ ግን ቁራጮቹ ከተለያየ ሞልድ የመጡ ናቸው። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም አስቀይሩት።

የት ይቀመጥ?

እኛ ጋ ብዙው ኩሽና ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ያለ ክፍል ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። የምድጃውን አፍ ወደ በሩ ፊት ለፊት አታዙሩት። ነፋስ በበሩ ሲገባ እሳቱን ወደ ውስጥ ይነዳዋል፤ ሲመለስ ደግሞ ጭሱን ጋጋሪዋ ፊት ላይ ይዘረግፈዋል። አፉ ለበሩ ጎኑን ይስጥ። የበሩ ብርሃን ግን ምጣዱ ላይ ይድረስ፤ እንጀራ ዓይን ማውጣቱ በጨለማ አይታይም።

ግድግዳው ላይ አትለጥፉት። ጭቃው ራሱ አይነድም፤ ውስጡ ያለው ማገርና ወጋግራ ግን ዓመት ሙሉ ሲደርቅ ቆይቶ አንድ ቀን ይጨሳል። በምድጃውና በግድግዳው መካከል ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ተዉ። ጣሪያው የማዳበሪያ ኮርኒስ ካለው ከምድጃው በላይ ያለውን ክፍል ገንጥሉት። ለውበት ብላችሁ እዚያ የምታቆዩት ነገር አይደለም። የቤንዚን ያህል ነው የሚቀጣጠለው።

መደቡ

ሰው የሚቸኩልበት፣ እኔ ደግሞ ረጅም ጊዜ የምወስድበት ሥራ ይኼ ነው። መደቡ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ምድጃው የቱንም ያህል ቢቆጥብ ወገብ ይቀጣል።

ጋጋሪዋ በምትጋግርበት ጫማ ቀጥ ብላ ትቁም። ክርኗን ትጠፍ። ከክርኗ አንድ ስንዝር ወደ ታች ወርዳችሁ ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አድርጉ። የምጣዱ ፊት የሚውለው እዚያ ነው። ከምልክቱ እስከ ወለሉ ለኩ። ከሱ ላይ የምድጃውን ቁመት፣ ለምርጥ 24 ሳንቲም ገደማ፣ የምጣዱንም ውፍረት ቀንሱ። የቀረው የመደቡ ከፍታ ነው። ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 55 ሳንቲም ይመጣል። በቤቱ የሚጋግሩት ሁለት ከሆኑ በአጭሯ ልክ ሥሩ። ረጅሟ ትንሽ ዝቅ ብትል ይሻላል እንጂ አጭሯ እጇን ሰቅላ ምጣድ ላይ ስትዘረጋ እንፋሎቱ ክንዷን ያቃጥላታል።

ይህን ልኬት አልፈልግም ያሉኝ አንዲት እናት ነበሩ። "ልጄ፣ ቆሜ ጋግሬ አላውቅም፤ አሁን በእርጅናዬ ልታቆመኝ ነው?" አሉኝ። የጅማ በርጩማቸውን ጎትተው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ከዚያው ከተቀመጡበት ክርናቸውን ለካሁ። አንድ ረድፍ ብሎኬት ብቻ በቃቸው። መደቡ ዝቅ ስላለ ግን የልጅ ልጆቻቸው ሮጠው እንዳይወድቁበት በአፉ ግራና ቀኝ ትንሽ ግንብ ጨመርኩ። ተቀምጣ የምትጋግር ካለች እንደዚያ ይሠራ። ቆሞ መጋገር ዘመናዊ ነው ብሎ የተጫነባት ሴት አዲሱን ምድጃ ትታ ወደ ጉልቻዋ ነው የምትመለሰው።

ስፋቱን ከምድጃው ዙሪያ 20 ሳንቲም ጨምሩበት። በአፉ በኩል ግን ወደ 40 ሳንቲም አድርሱት። ፍልጥ ከውጭ ያለው ጫፉ የሚያርፍበት ካጣ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ፍሙም ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ዙሪያውን በብሎኬት ወይም በድንጋይ ገንቡ፤ ውስጡን ገረጋንቲ ሙሉና በደንብ ጠቅጥቁት። ከላይ አራት ጣት ያህል ደረቅ አመድ ወይም ደረቅ አሸዋ ንሰንሱ። ይህ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይሰርግ ይከለክላል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ እሳቱ አጠገብ አታስገቡ። ውስጡ የያዘው ውሃ ሲፈላ ድንጋዩ ይፈነዳል። አወቱ ወንዝ ዳር የተለቀመ ለስላሳ ድንጋይ ለአጥር ይሁን።

መግጠምና መምረግ

አራቱን ቁራጮች አመዱ ላይ አቁሙና ውሃ ልክ አኑሩባቸው። ውሃ ልክ ከሌለ ምጣዱን ጣዱና መሃሉ ላይ ትንሽ ውሃ አፍስሱ። ወደ አንድ ጎን ከሄደ በዚያ በኩል ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ዛሬ ካላስተካከላችሁት በየቀኑ ሊጡ ወደዚያ እየሸሸ እንጀራው ባንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው በኩል ወረቀት ይሆናል። ጋጋሪዋም "እጅሽ ተበላሸ" እየተባለች ትወቀሳለች።

መምረጊያው ጭቃ ነው፤ ሲሚንቶ አይደለም። ሲሚንቶ ልስን ይጠነክራል እንጂ አይላመጥም። ምድጃው ሲግል ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው በዚህ መሃል ይሰነጠቃል። ቁራጭ ለመቀየር ብትፈልጉም ሰብራችሁ ነው። ቀይ ጭቃ ወንፉና ደቃቅ የጤፍ ጭድ ጨምሩበት፤ አንድ እጅ ያህል አመድም ይግባ። አቡክታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። በማግሥቱ መገጣጠሚያዎቹን ከውጭ ሙሏቸው። ከዚያ የግድግዳውን አናት ዙሪያውን ጭቃ ቀብታችሁ ምጣዱን ቀስ ብላችሁ አሳርፉበት፤ ትንሽ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ተጫኑት። የሚተርፈውን ጭቃ በእርጥብ ጣት ጥረጉ። ነበልባሉ የሚያመልጠው በዋናነት በምጣዱ ሥር ባለው ክፍተት ነው። ማታ መብራት አጥፍታችሁ እሳት ስታነዱ ዙሪያውን ቀይ ቀለበት ካያችሁ እንጨታችሁ በዚያ በኩል እየወጣ ነው።

ጭስ ማውጫ

የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ተራው ምርጥ ምድጃ ጭሱን ይቀንሳል እንጂ ከክፍሉ አያስወጣውም። ስለዚህ ቢያንስ ከምድጃው በላይ፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ቦታ፣ ክፍተት ተዉ፤ ፊት ለፊቱም መስኮት ይኑር። ገንዘብ ካለ ግን ቧንቧ ይግባ።

ቧንቧው ከድስት ማስቀመጫው ኋላ ይነሳል። ከፊቱ አይደለም፤ አለዚያ ድስቱ ሙቀት አያገኝም። ስፋቱ ከ12 እስከ 15 ሳንቲም ይሁን። ከእሳቱ እስከ ጫፉ ቢያንስ 3 ሜትር ይቁም፤ ጭስን ወደ ላይ የሚስበው የቧንቧው ቁመት ነውና። ጫፉ ከጣሪያው አናት አጠገብ ከሆነ አናቱን በ60 ሳንቲም ይለፈው። ካልሆነ ነፋስ ጣሪያውን ተንተርሶ ሲወርድ ጭሱን መልሶ ወደ ኩሽናው ይደፋዋል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ክርክር አለ። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድባታል። ሰው ጣሪያ መብሳት ይፈራል። "ውሃ ከሚገባ ጭስ ይግባ" ያለኝም ሰው አለ። ስለዚህ ቧንቧውን በግድግዳ አውጥተህ በውጭ ስቀለው ይሉኛል። እኔ አልወደውም። በግድግዳ ከወጣ ሁለት ጎሚቶ ይፈልጋል፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ጭሱ ይደክማል፤ ጥቀርሻም ይከማቻል። ውጭ የቆመ ቧንቧ ደግሞ በዝናብ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ቧንቧ አይስብም። ቀጥ ብሎ በጣሪያ ይውጣ። የግድ መታጠፍ ካለበት 45 ዲግሪ ይሁን እንጂ 90 አይሁን።

ውሃው እንዳይገባ ዘዴ አለው። ቧንቧው በሚወጣበት ቦታ በያጁ ሰፊ የቆርቆሮ አንገትጌ ይሥራላችሁ። የአንገትጌው የላይኛው ጠርዝ ወደ ጣሪያው አናት በኩል ካለው ቆርቆሮ ሥር ይገባል፤ የታችኛው ጠርዝ ከታች ካለው ቆርቆሮ ላይ ይውላል። ውሃው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የሚገባበት ቦታ አያገኝም። ሲሊኮን ቀብተው ብቻ የሚሄዱ አሉ። ሲሊኮኑ ሙቀት አይችልምና ለክረምት አይደርስም።

በያጁ ቤት ስትሄዱ ሁለት ዓይነት ላሜራ እዘዙ። ለምድጃው ቅርብ የሆነው የመጀመሪያው ሜትር ጥቁር ላሜራ፣ ከዚያ በላይ ጋልቫናይዝድ። ጋልቫናይዝድ ላይ የተቀባው ዚንክ እሳት ሲጠጋው መጥፎ ጭስ ያወጣል። ቧንቧዎቹ ሲገጣጠሙ የላይኛው ጫፍ ወደ ታችኛው ውስጥ ይግባ። ብዙ በያጅ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ መስሎት ይገለብጠዋል። "እህቴ፣ ልክ እኮ ነው፣ ውሃ እንዲወርድ ነው" ብሎ አንዷን ደንበኛዬን ተከራክሯታል። የሚወርደው ውሃ ዝናብ ብቻ ቢሆን እውነቱን ነበር። በጭስ ቧንቧ ውስጥ ግን ከእርጥብ እንጨት የሚወጣ ጥቁር ፈሳሽ አለ። እሱ በውስጥ ይውረድ፤ በውጭ ከወረደ ግድግዳችሁ ላይ የማይለቅ ቅርጽ ይሥላል።

የፕላስቲክ ቧንቧ በፍጹም አይሆንም፤ ይቀልጣል። የድሮ ኤተርኒት (አስቤስቶስ ያለበት ሲሚንቶ) ቧንቧ ተገኘ ብላችሁም አትቁረጡ፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

ከቧንቧው እስከ ማንኛውም ሞራሌ ወይም ማገር 45 ሳንቲም ይራቅ። ቦታ ካጠረ በመካከል ቆርቆሮ አቁሙ፤ ከእንጨቱ ግን ሁለት ጣት ተነጥሎ ይቁም። አየር በመሃል ካላለፈ ቆርቆሮው ራሱ ግሎ እንጨቱን ያቃጥላል።

አንድ ነገር ለጋጋሪዋ ንገሯት። ድስት ካልተጣደ የድስቱ ቀዳዳ በክዳን ይዘጋ። ክፍት ከሆነ ቧንቧው ቀዝቃዛ አየር የሚስበው በዚያ ነው፤ በእሳቱ አፍ በኩል መሳቡን ይተዋል። "ጭስ ማውጫው አይሠራም" ተብዬ ከተጠራሁባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ጋ የሠራሁት ሥራ ቀዳዳው ላይ የብረት ክዳን መድፋት ብቻ ነው። የመንገድ ሂሳቤን እንኳ ለመጠየቅ አፍራለሁ።

ሳሎን ውስጥስ? ከውጭ የመጣ ዘመድ ፎቶ ያሳያቸውና "የብረት ምድጃ ሳሎናችን ውስጥ ይተከል፣ ፋየር ፕሌስ" የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋቱ ይበርዳል። ረፋድ ላይ ግን ሹራብ ታወልቃላችሁ። እኔ ብትተዉት ነው የምለው። ካልተዋችሁት ትልቁን አትግዙ። ለ14 ሜትር ኩብ ክፍል 1 ኪሎ ዋት ገደማ ይበቃል፤ 5 በ4 ለሆነ ሳሎን ወደ 4 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ትልቅ ምድጃ በትንሽ ክፍል ውስጥ እሳቱን አፍናችሁ ነው የምታነዱት፤ የታፈነ እሳት ደግሞ ቧንቧውን በጥቀርሻ ይሞላል። ከሥሩና ከምድጃው በር ፊት 30 ሳንቲም ያህል የማይነድ ወለል ይኑር። ክፍሉም አየር የሚያስገባበት ቀዳዳ ይኑረው። የቀረው ከላይ ያልኩት ነው።

የመጀመሪያው እሳት

ጭቃው ሳይደርቅ አትጋግሩ። አንድ ሳምንት ተዉት፤ በክረምት ከሆነ ጨምሩበት። ከዚያ ለተከታታይ ቀናት ትንሽ ትንሽ የጭራሮ እሳት አንዱ። በግድግዳው ውስጥ የቀረው ውሃ ቀስ ብሎ ይውጣ። መጀመሪያ ቀን ፍልጥ የተቆለለበት ምድጃ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ይሰነጠቃል። አዲስ ምጣድ ከሆነ በዚያው ትንሽ እሳት በጎመን ዘር አሟሹት፤ ይህን ለጋጋሪዋ አላስተምርም።

ቧንቧው ቀዝቃዛ ሲሆን ጭሱ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይመለሳል። አትደንግጡ። በቧንቧው ሥር ጥቂት ደረቅ ጭድ ወይም ወረቀት አንድዱበት፤ ሲሞቅ መሳብ ይጀምራል።

እንጨቱ

ገና የተቆረጠ እንጨት ወደ ግማሽ የሚጠጋ ክብደቱ ውሃ ነው። 20 ኪሎ እርጥብ ባሕር ዛፍ ስትገዙ ወደ 10 ሊትር ውሃ ተሸክማችሁ ገባችሁ ማለት ነው። እሳቱ እንጀራችሁን ከማብሰሉ በፊት ያንን ውሃ ማፍላት አለበት። የጭሱም ምንጭ እሱ ነው። ስለዚህ የዓመቱን እንጨት በበጋ ግዙ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ፈልጣችሁ ደርድሩት፤ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ይደርቃል። ድርድሩ መሬት አይንካ፤ ሁለት ግንድ ከሥሩ አጋድሙለት። ጎኑ ክፍት ይሁን፤ አናቱ ብቻ ይከደን። ላስቲክ ሙሉ በሙሉ አትጠቅልሉበት፤ ውስጡ ያልበዋል።

እዚህ አካባቢ ባሕር ዛፍ በብዛት ይገኛል። እኔ ግን ካገኘሁ የቡና እንጨት እመርጣለሁ። ያረጀ ቡና ሲጎነደል ገበሬው ይሸጠዋል። ቀጭን ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ መፍለጥ አይፈልግም፣ ለምጣድ አፍ የተሠራ ይመስላል። የቡና ገለባ ግን ብቻውን አትጨምሩ። እሳቱን ያፍነዋል፤ ኩሽናው ይታጠናል።

ፍልጡ ከእጅ አንጓ አይወፍር። ሁለት ሦስት ብቻ አስገቡ፤ ጫፉ ሲነድ ወደ ውስጥ ገፉ። አፉን ሙሉ በሙሉ በእንጨት ከደፈናችሁት አየር አይገባም። አመዱንም በየጊዜው ጥረጉ። ሲቆለል እሳቱ ምጣዱን በጣም ይጠጋዋል፤ መሃሉ ያራል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል።

ጥገና

በክረምት በየወሩ፣ በበጋ በየሁለት ወሩ የቧንቧውን ቆብ አንሱ። ገመድ ላይ ጆንያ ቋጥሩ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ድንጋይ እሰሩና ከላይ ወደ ታች ልቀቁት። ጥቀርሻው ይረግፋል። ከተዋችሁት አንድ ቀን ቧንቧው ውስጥ ራሱ ይነዳል፤ ያኔ የኩሽናው ጣሪያ አደጋ ላይ ነው። እንደዚያ ከሆነ የምድጃውን አፍና የድስቱን ቀዳዳ በእርጥብ ጆንያ ድፈኑ፤ አየር ሲያጣ ይጠፋል። ውሃ ወደ ቧንቧው አትድፉ።

ግንቦት ላይ፣ ዋናው ዝናብ ሳይጀምር፣ አንገትጌውን እዩት፤ ሚስማሩ ከላላ አጥብቁ። የምጣዱን ጭቃም ፈርሶ ከሆነ እንደገና ምረጉ። ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚሰነጠቀው የአፉ ቁራጭ ነው፤ ፍልጥ ሲገፋ ይመታዋልና። ቁራጩን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ግን ከዚያው አምራች ካልሆነ አይገጥምም፤ ሞልድ ከሞልድ ይለያያል። ስለዚህ ስትገዙ የአምራቹን ስልክ ተቀበሉና ከኩሽናው በር ጀርባ በከሰል ጻፉት።